አይሱዙ የማይጭነው



ስለ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚደረግ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢ ጥበቃ ይጀምርና በምኞት ያልቃል። እኔ በገንዘብ ልጀምርና እዚያው ልቆይ ነው የመጣሁት። አንዱ ፋብሪካ የሚጥለውን ሌላው እንዲሠራበት የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙም እንግዳ አይደለም፤ ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ቦይለር፣ ማጣሪያ ነው። መሐንዲሶች በአንድ ሳምንት ይስማሙበታል። ነገሩ የሚታነቀው «እሺ፣ ማን ይክፈል?» የተባለ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ይገባል፣ እንፋሎቱም በጭስ ማውጫው መውጣቱን ይቀጥላል።

በመጀመሪያ ግን ያለንን እንይ፤ በፋብሪካዎች መካከል የተረፈ ምርት ቅብብል በአገራችን የለም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ማለዳ ከቢራ ፋብሪካ በር ፊት ለፊት ብትቆሙ አተላ ለመጫን የተሰለፉ መኪኖች ታያላችሁ። የብቅሉ አተላ ገና ትኩስ ነው፤ ከጭነቱ ላይ ጉም የመሰለ እንፋሎት ይነሣል፣ በስፖንዳው ሥር ውኃው አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ ችኩል ነው፤ እርጥብ አተላ በሙቀት ወራት ካደረ ይኮመጥጣል፣ ከዋለ ካደረ ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ላሟም ፊቷን ታዞርበታለች። መኪናው ወተት አርቢዎቹ ሠፈር ሲደርስ በርሜልና ባልዲ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሒሳቡ እዚያው በእጅ ይከፈላል፣ ወይም በወሩ መጨረሻ ከወተቱ ላይ ይቀነሳል።

ከዘይት ፋብሪካ የሚወጣው ፋጉሎ፣ ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣው ፉርሽካ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ሞላሰስ እንዲሁ ገበያ አላቸው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ ብናኝና ቁርጥራጭ ወደ ፍራሽ ሠሪ ይሄዳል። ቁርጥራጭ ብረት በቆራሌው ጆንያ ይጀምርና በምናለሽ ተራ አልፎ ማቅለጫ ፋብሪካ በር ላይ በሚዛን ይገባል። ለዚህ ሁሉ ማንም ዎርክሾፕ አላዘጋጀም፣ ማንም የፋይናንስ ማዕቀፍ አልነደፈም። ሰዉ ራሱ ፈጠረው፣ ራሱ ያካሂደዋል።

ለምን ተሳካ? ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፤ አይሱዙ ይጭነዋል። አይሱዙ ደግሞ ባንክ የሚወደው ዕቃ ነው። ሊብሬ አለው፣ ኢንሹራንስ ይገባለታል፣ በሐራጅ ቢቀርብ ተጫራች አይጠፋም። ቢራ ፋብሪካው ነገ አተላ አልሰጥም ቢል መኪናው ፋጉሎ ይጭናል፤ ፋጉሎም ከጠፋ ሽንኩርት ይጭናል። ማለትም በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል ያለው ትብብር ቢፈርስ የተበደረው ሰው አይፈርስም። አበዳሪውም የሁለቱን ፋብሪካዎች ጠባይ ማጥናት አያስፈልገውም።

አሁን ወደማይጫነው እንምጣ። እንፋሎት አይጫንም። ሙቅ ውኃ አይጫንም። ተጣርቶ ለማቀዝቀዣ ሊውል የሚችል የፋብሪካ ፍሳሽ በቦቴ ይመላለስ ቢባል ኪራዩ ውኃውን ይበልጠዋል። ከምድጃ የሚወጣ የሚፋጅ ጭስ ጭራሽ አጥር አያልፍም። እነዚህ ሁሉ ቧንቧ ይፈልጋሉ፤ ቧንቧ ደግሞ አንዴ ከተቀበረ ከሁለት ደንበኞች በቀር ለማንም አይሆንም። ብድር ክፍል ውስጥ የሚደረገው ንግግር እንዲህ ያለ ነው፦

«አቶ እንትና፣ ቦይለሩ ይገባኛል፤ ነቅለን እንሸጠዋለን። ቧንቧውን ግን ብንወርሰው ለማን እንሸጠዋለን?»

«ለምን ትወርሱታላችሁ? እኔ እኮ እከፍላለሁ።»

«እርስዎ ይከፍላሉ። ጎረቤትዎስ?»

«እሱም ይከፍላል። ጎረቤቴ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

«ጎረቤትዎ የእኛ ደንበኛ አይደሉም። ቤት ካለዎት ግን ለቤቱ የኢንጂነሪንግ ግምት እናሠራለን።»

የብድር ባለሙያው አልተሳሳተም፤ የእሱን ወገን አውቀዋለሁ። ቅጹ ላይ ያሉት የመያዣ ዓይነቶች ቤት፣ ተሽከርካሪና ማሽን ናቸው፤ «ከጎረቤት ጋር የተገባ ውል» የሚል ሣጥን የለም። በዚህ ምክንያት ብድሩ ቢፈቀድ እንኳ የአንዱን ሰው ቤት የሚያስይዝ፣ ሌላው ሰው ደግሞ በነፃ የሚጠቀምበት ሥራ ይሆናል። ቤቱን ያስያዘው ሰው ሚስት «ፈርሚ» ስትባል የምትጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ከብድር ኮሚቴው ጥያቄ የጠነከረ ነው።

«ማን ይክፈል?» የሚለውን ጥያቄ በተግባር የመለሰ አንድ ቦታ አለ። ዴንማርክ ውስጥ፣ ከኮፐንሃገን በስተምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባሕር ዳር የምትገኝ ካሉንድቦርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ነዋሪዋ 20 ሺህ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያ አዲስ የተሠራ የነዳጅ ማጣሪያ ውኃ ፈለገ። የከርሰ ምድሩ ውኃ ውስን ስለነበር ቲሶ ከሚባለው ሐይቅ መስመር መዘርጋት ግድ ሆነ። የዘረጋው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ደግሞ ማጣሪያው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ለተደረገው ሁሉ ይህ አሠራር መሠረት ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለው መሬት ቆፍሮ የማለፍ መብት ነው፣ ገንዘብ የለውም። ማጣሪያው ያለው ገንዘብ ነው፣ የሰው መሬት ቆፍሮ ማለፍ አይችልም። እያንዳንዱ ያለውን አመጣ። ማጣሪያው ነገ ቢዘጋ እንኳ መስመሩ የከተማዋ ስለሆነ ለሌላ ፋብሪካ ውኃ ያመጣል፤ በቧንቧ ላይ ያለው ትልቁ ፍርሃት፣ ማለትም ባለቤት አልባ ሆኖ መቅረቱ፣ ከመነሻው ተቃለለ።

ቀጥሎ በ1972 የጂፕሰም ቦርድ አምራቹ ጂፕሮክ መጣ፤ ማጣሪያው በችቦ የሚያቃጥለውን ትርፍ ጋዝ ለማድረቂያው ተጠቀመበት። በ1973 አስኔስ የተባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከውኃው መስመር ተቀጠለ። ከ1981 ጀምሮ የማመንጫው ሙቀት የከተማዋን ቤቶች ያሞቅ ጀመር፤ በ1982 ደግሞ እንፋሎቱ ወደ ማጣሪያውና ኢንሱሊን ወደሚያመርተው ኖቮ ተዘረጋ። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው ውል እስከዚህ ድረስ 21 ዓመት አልፏል። ማስተር ፕላን አልነበረም፣ የጋራ ፈንድ አልነበረም፣ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣንም አልነበረም። እያንዳንዱ ግንኙነት በሁለት ወገኖች መካከል የተፈረመ፣ ለብቻው ሒሳቡ የተሠራ፣ ለብቻው የሚያዋጣ ውል ነበር። ሥራ አስኪያጆቹ በትንሽ ከተማ የሚኖሩ፣ በየክበቡ የሚገናኙ ሰዎች ስለነበሩ ለመደዋወል ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልጋቸውም ነበር። የሚሠሩት ነገር ስም ያገኘውና ዓለም የሰማው በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ስሙ፣ የኢንዱስትሪ ሲምባዮሲስ፣ ከመጣ በኋላ ብዙ አገሮች ስሙን ወስደው በአንድ ጊዜ በዕቅድ ሊገነቡት ሞከሩ፤ ብዙው አልሆነም። አይገርመኝም።

የጂፕሰሙ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል ሰልፈር ያለበት ጭስ ይወጣል። የዴንማርክ ሕግ ይህ ይቀነስ ስላለ ማመንጫው ጭሱን በኖራ የሚያጥብ መሣሪያ ተከለ፤ ሥራው በ1993 አለቀ። ከዚህ እጥበት የሚገኘው ጂፕሰም ነው። ጎረቤቱ ጂፕሮክ እስከዚያ ድረስ ጂፕሰም በመርከብ ከስፔን ያስመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከጎረቤት ወሰደ። እንግዲህ ያን ውድ መሣሪያ ማን ከፈለው? ጂፕሰሙ አልከፈለውም፤ በጂፕሰም ሽያጭ ብቻ ቢሰላ መሣሪያው ፈጽሞ አይተከልም ነበር። ወጪውን ግዴታ ያደረገው ሕጉ ነው፤ የጂፕሰሙ ገቢ ሸክሙን አቃለለ። ስለዚህ ሕግ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ፍሳሹን ሳይለካ፣ ቅጣቱን ሳይቀጣ፣ ባንክ ብቻውን የአረንጓዴ ብድር ይስጥ ማለት ትርጉም የለውም። መጣል በነፃ ከሆነ የሚሸጥ ተረፈ ምርት የለም።

የኖቮን ዝቃጭም ላንሳ። ከመፍላት ሥራው የሚወጣው ዝቃጭ ማዳበሪያ እንዲሆን ለአካባቢው ገበሬዎች በነፃ ይሰጥ ነበር፤ የማጓጓዣውንም ፋብሪካው ይከፍል ነበር። ቸርነት አይደለም፤ በሌላ መንገድ ማስወገዱ ይበልጥ ያስወጣው ስለነበር ነው። እኛ ዘንድ ግን ተረፈ ምርቱን የሚሰጠው ወገን ተቀባዩ ትርፍ ማግኘቱን በሰማ ማግስት ዋጋ ይጠይቃል። መጠየቁ መብቱ ነው። ግን ተቀባዩ ቧንቧውን ከቀበረ በኋላ ከጠየቀ ተቀባዩ አንገቱን ተያዘ ማለት ነው። ብዙ ባለሀብት ገንዘብ እያለው የማይገባበት ምክንያት ይህ ፍርሃት ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ። በካሉንድቦርግ እስከ 1998 ድረስ ለተሠሩት ፕሮጀክቶች በድምሩ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣ፣ በየዓመቱም 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያድኑ የራሳቸው ሰዎች አስልተው አውጥተዋል። ወለድ ሳይታሰብ በ5 ዓመት ወጪውን ይመልሳል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በየጥናቱ ይጠቀሳል፤ አዳራሽ ውስጥ ሲነገርም ያስጨበጭባል። እኔ አንድ ሥራ ሠራሁበት፤ ያንኑ ገንዘብ በ15 በመቶ ወለድ ተበድሬ፣ ያንኑ ቁጠባ ብቻ እየከፈልኩ ቢሆንስ ብዬ አሰላሁ። ዕዳው የሚያልቀው በ10 ዓመት ገደማ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ከ15 ሚሊዮኑ 11 ሚሊዮን ከሩብ የሚሆነው ወለድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዴንማርኮች ችለውታል፣ እኛስ ምን ያግደናል?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ የወለድ ምጣኔው ነው። ያን ያህል ዓመት የሚያበድር ባንክ ደግሞ ፈልጉ።

በአገርኛ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ የብረት ፋብሪካ ከማሞቂያ ምድጃው የሚፋጅ ጭስ ወደ ሰማይ ይለቃል እንበል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ አለ፤ እንፋሎት የሚያገኘው ከባድ ጥቁር ናፍጣ አቃጥሎ ነው። በብረት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ሙቀት መያዣ ቦይለር ተገጥሞ እንፋሎቱ በቧንቧ ቢሻገር 60 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ማቅለሚያው ለናፍጣ በዓመት 30 ሚሊዮን ይከፍል ከነበረ 20 ሚሊዮኑ ይድንለታል። ሁለቱ ባለቤቶች ምሳ ላይ ተቀምጠው ይደራደራሉ። ብረት ፋብሪካው 60 ሚሊዮኑን ያወጣል፤ ማቅለሚያው ለእንፋሎቱ በዓመት 12 ሚሊዮን ይከፍላል፣ 8 ሚሊዮኑን ለራሱ ያስቀራል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሁለቱም ተጨባብጠው ይነሣሉ። ባንክ ሄደው በ15 በመቶ ሲሰላ ብድሩ 10 ዓመት ይወስዳል፤ ፋይሉ ይዘጋል።

ያው ፕሮጀክት በሌላ አደራደር ይሠራል። ማቅለሚያው ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ የቁጠባውን ሙሉ 20 ሚሊዮን ይክፈል፤ ማለትም ለእንፋሎት የሚያወጣው አሁን ለናፍጣ ከሚያወጣው አይበልጥም፣ ግን አይቀንስም። ብድሩ ከ4 ዓመት ትንሽ በላይ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቁጠባውን እኩል ይካፈሉ፤ ከፈለጉም ማቅለሚያው ሰፋ ያለውን ይውሰድ። ከ10 ዓመት ወደ 4 የወረደው መንግሥት ድጎማ ስለጨመረ አይደለም፤ ትርፉን የመካፈያው ጊዜ ወደ ኋላ ስለተገፋ ነው። ባለሀብት ግን ትርፉን ዛሬ ማየት ይፈልጋል። «ምንም ሳላተርፍ አራት ዓመት ልጠብቅ?» ይላችኋል። የናፍጣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የእሱ ክፍያ አብሮ እንዳይጨምር ውሉ ላይ ጣሪያ ካስቀመጣችሁለት ግን ያን ጊዜ ጆሮውን ይሰጣችኋል። በእኛ ገበያ የነገውን የነዳጅ ዋጋ የሚያውቅ ፋብሪካ ትልቅ ጥቅም አግኝቷል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ውሉ ላይ ነው። ስለዚህ ለባንክ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧውን እንደ መያዣ አትመልከቱት፣ ውሉን ተመልከቱት። ቧንቧው በሐራጅ ምንም አያወጣም። ውሉ ግን በትክክል ከተጻፈ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው። በትክክል ተጻፈ የሚባለው መቼ ነው? ተቀባዩ እንፋሎቱን ወሰደም አልወሰደም ዝቅተኛውን መጠን የሚከፍል ከሆነ፤ ሰጪው በራሱ ጥፋት ካቋረጠ የተቀባዩን የናፍጣ ወጪ የሚሸፍን ከሆነ፤ አንደኛው ወገን ውሉን ለማፍረስ ከፈለገ በዚያን ዕለት የቀረውን ዕዳ ከፍሎ የሚወጣ ከሆነ፤ ፋብሪካው ቢሸጥ ውሉ ለገዢው የሚተላለፍ ከሆነ። መለኪያውን ማን ያነባል፣ ማን ያሽጋል የሚለውም ይጻፍ፤ ሰው የሚጣላው በትልቁ ነገር ሳይሆን በቆጣሪ ነው። ክፍያው ደግሞ በቀጥታ አበዳሪው ባንክ ወዳለ ሒሳብ ይግባ።

ለዚህ ሕግ አለን ወይ? አለን። ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተሰብሳቢ ሒሳብን ጨምሮ ግዙፍነት የሌለው ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ መያዣውም በብሔራዊ ባንክ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ ቀድሞ ያስመዘገበ የቅድሚያ መብት ያገኛል። ስለዚህ ብረት ፋብሪካው ከማቅለሚያው በየወሩ የሚሰበስበው ክፍያ በሕግ ዓይን እንደ አይሱዙው መያዣ መሆን ይችላል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሕጋችንም፣ ማለትም አዋጅ 103/1990 እና ማሻሻያው 807/2005፣ ለቦይለሩ ይሆናል፤ ዕቃው የአከራዩ ሆኖ ስለሚቆይ ተከራዩ ቤት ማስያዝ ላያስፈልገው ይችላል። መሬት ውስጥ ለተቀበረው ቧንቧና ለቁፋሮው ግን ኪራይ አይሠራም፤ ያን ክፍል ባለቤቶቹ ከኪሳቸው ቢያወጡ ይሻላል፣ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ እሱ ከሆነ ማለቴ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች አካባቢ ላላችሁት ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፤ ክሮም ያለበት ዝቃጭ በአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ሥር ሊወድቅ ስለሚችል ፈቃድ ሳይያዝ «ለጎረቤት ሸጥኩት» ብሎ ነገር የለም። ባንኩም ብድሩን ከመልቀቁ በፊት ፈቃዱን ማየት አለበት።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ፋብሪካዎቹ ለምን እንደ ዕቁብ አያዋጡም?» ይሉኛል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ዕቁብ የሚሠራው ሁሉም እኩል ጥሎ እኩል ስለሚወስድ ነው፤ ልዩነቱ የተራ ብቻ ነው። እዚህ ግን አንዱ በዓመት 20 ሚሊዮን የሚያድን፣ ሌላው ከጭሱ መገላገልን ብቻ የሚያገኝ፣ ሦስተኛው ምንም የማያገኝ ነው። እኩል አዋጡ ሲባሉ የማያገኘው በሁለተኛው ወር ይቀራል። ሌላው የሚነሣው የእሽሙር ማኅበር ነው። ለመመሥረት ቀላል ቢሆንም የሕግ ሰውነት የለውም፤ በራሱ ስም መበደር አይችልም፣ በመጨረሻ ዕዳው የሚወድቀው አንዱ ሸሪክ ላይ ነው። ቧንቧው ከሁለት በላይ ተጠቃሚ ካለው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ሳይሻል አይቀርም፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን አንዱ ባለቤት ሆኖ ሌላው በውል ይግዛ። ሦስተኛ ድርጅት ማለት ሦስተኛ ኦዲተር፣ ሦስተኛ ግብር ፋይል ነው።

የውሉ ችግር የሚጠፋበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ባለቤት ሲኖራቸው። በቻይና ጓንግሺ ግዛት የጉዪታንግ ኩባንያ ከስኳሩ ሞላሰስ አልኮል፣ ከአገዳው ገለባ ወረቀት፣ ከአልኮሉ ዝቃጭ ማዳበሪያ፣ ከወረቀቱ ዝቃጭ ሲሚንቶ ያመርት ነበር፤ ሁሉም በአንድ ካዝና ሥር። የእኛም ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ማምረቱ፣ ስኳር ፋብሪካዎቻችን ገለባውን አቃጥለው የራሳቸውን እንፋሎትና መብራት ማመንጨታቸው የዚሁ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንዚን ከ5 በመቶ ኢታኖል ጋር ይደባለቅ የጀመረውም ከዚያው ሞላሰስ ነው። ግን ከዚህ «ሁሉም በአንድ እጅ ይሁን» የሚል ትምህርት አልወስድም። አንድ ባለቤት የውል ችግርን ያስወግዳል፤ በምትኩ አንዱ ክፍል ሲከስር ሌላው እየደጎመው ማንም ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

መንግሥት ገንዘብ ቢኖረው የት ያድርገው? የደቡብ ኮሪያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመሩት መርሐ ግብር ኡልሳንን በመሳሰሉ የኢንዱስትሪ ከተሞች የመንግሥት ገንዘብ በዋናነት የሄደው ወደ አዋጭነት ጥናቱ ነው፤ ቧንቧውን የቀበሩት ኩባንያዎቹ ናቸው። እንግሊዞች በ1996 ቆሻሻ መሬት ውስጥ የሚቀብር ሁሉ በቶን ግብር ይክፈል አሉ፤ ከዚያ ግብር በተገኘ ገንዘብ ከ2005 ጀምሮ ፋብሪካዎችን እርስ በርስ የሚያስተዋውቅ ብሔራዊ መርሐ ግብር ደገፉ። በሁለቱም አገር የሕዝብ ገንዘብ የገባው ማንም የግል ባለሀብት ብቻውን ሊከፍለው በማይፈልገው ቦታ ነው። ጥናት ማለት «አይሆንም» የሚል መልስ ሊያመጣ የሚችል ወጪ ነው፤ ለ«አይሆንም» ደግሞ ማንም መክፈል አይወድም። እኛ ዘንድ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ማጣሪያ በጋራ የተሠራው መንግሥት የፓርኩ ባለቤት ስለሆነ ነው፤ ከፓርክ ውጭ፣ ለምሳሌ አቃቂ ላይ፣ ለሚገኝ ፋብሪካ ያ መንገድ አይገኝም። እዚያ መንግሥት ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ነገር መንገድ አቋርጦ የማለፍ ፈቃድ ነው። ባንክ ስምንት ሳምንት የፈጀ ብድር ሰጥቶ የቁፋሮ ፈቃድ ስምንት ወር ከጠበቀ ወለዱ መቁጠር አያቆምም።

ስለ አደጋው ሳልነግራችሁ ብቀር ግን የተሟላ አይሆንም። ካሉንድቦርግ ያለው ማመንጫ ከድንጋይ ከሰል ወጥቶ ወደ እንጨት ስብርባሪ ዞሯል። ለአየሩ መልካም ነው፤ ግን ከሰል ከሌለ የሰልፈር ጭስ የለም፣ የሰልፈር ጭስ ከሌለ ያ ጂፕሰም የለም። በየመጽሐፉ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው ቅብብል በሰጪው ውሳኔ ምንጩ ደረቀ። እንፋሎቱ ግን ቀጠለ። ለምን ቢባል፣ በእንጨት የሚሠራው አዲሱ ክፍል ከመገንባቱ በፊት የመድኃኒትና የኢንዛይም ፋብሪካዎቹ ከከተማዋ አገልግሎት ድርጅት ጋር ሆነው እንፋሎቱንና ሙቀቱን ለረጅም ዓመታት ለመግዛት ፈርመው ስለነበር ነው። መጀመሪያ ውል፣ ከዚያ ብድር፣ ከዚያ ግንባታ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው እንሄዳለን፤ ሕንፃው ቆሞ ደንበኛ እንፈልጋለን።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ብረት ፋብሪካው ይቆማል፣ እንፋሎቱም አብሮ ይቆማል። በማቅለሚያ በርሜል ውስጥ ያለው ጨርቅ ግን አይጠብቅም፤ ቀለሙ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ ያ ጥቅል በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ማቅለሚያው የድሮ ቦይለሩን መሸጥ የለበትም። አሙቆና ጠብቆ ማቆየት ወጪ አለው፤ ያ ወጪ በውሉ ውስጥ ተሰልቶ ካልገባ «20 ሚሊዮን ያድናል» ያልነው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ያየኋቸው የአዋጭነት ሰነዶች አብዛኞቹ ይህን መስመር ዘልለውታል።

እንግዲህ ሁለት የፋብሪካ ባለቤቶች ተያይዘው ወደ ብድር ክፍላችሁ ቢገቡ፣ የቤት ካርታ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ወረቀት ጠይቋቸው። ተቀባዩ ያለፉትን ዓመታት የነዳጅ ደረሰኝ ያምጣ፤ በቃል የሚነገር ቁጠባ አይታመንም። ሰጪው ምድጃው በወር ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚያሳየውን የሥራ መዝገብ ያምጣ። ሦስተኛው ተጠባባቂውን ቦይለር ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚከፍልበት የተፈራረሙበት ገጽ ነው። ሦስቱን ይዘው ከመጡ ስለ ወለዱ መነጋገር ትችላላችሁ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ እስከዛሬ ዋጋ ባልነበረው ጭስ ላይ እንዴት ይታሰባል የሚለውን ሆን ብዬ አላነሣሁትም፤ ከገቢዎች የመጡ ባለሙያ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስላየሁ እሳቸው ቢጀምሩልን ይሻላል። መድረኩን ለጥያቄ ከፍቻለሁ።